«አክንባሎው ለምን ያለቅሳል?» ትንንሽ ልጆች ለምን ይህን ያህል ይጠይቃሉ?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳለች፤ ጦሳ ተራራ ከነመኖሩም አያስታውቅም። ምጣዱ ግሏል፣ እናቴ እንጀራ እያወጣች ነው። የ4 ዓመት ልጄ ማድ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ከደፉ ማለፍ አይፈቀድላትም። እናቴ አክንባሎውን ከፍ ስታደርገው ከውስጡ ውሃ ተንጠባጠበ። አንዷ ጠብታ የምጣዱ ጠርዝ ላይ አርፋ «ጭስስ» አለች።

«እምዬ፣ አክንባሎው ለምን ያለቅሳል?»

«ቆይ እንጀራው እንዳያርብኝ።»

«ማን መታው?»

«ማንም አልመታውም።»

«እና ለምን ያለቅሳል?»

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ አፍሽ አይደክመውም?»

ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ንግግር ያውቀዋል። ልጁ ይጠይቃል፣ አዋቂው ይታክተዋል፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ይቆጣል ወይ አንዱ ያለቅሳል። ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ደግሞ ፍርድ ይሰጣል። አንዱ «ይቺ ልጅ ወሬኛ ልትሆን ነው» ይላል። ሌላው «አብሽሪ፣ ዶክተር ትሆናለች» ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል ባይ ነኝ። የ4 ዓመት ልጅ ጥያቄ ስለ ጠባይዋም ስለ ወደፊት ሥራዋም ብዙ አይነግረንም። የሚነግረን በዚያች ደቂቃ ጭንቅላቷ ውስጥ ምን እየተሠራ እንደሆነ ነው።

## ጉጉት ሲባል ምን ማለት ነው?

የማወቅ ጉጉት የምናውቀውና የምናየው አልገጥም ሲሉ የሚመጣ ረሃብ ነው። ልጄ ማልቀስ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ውሃ በጉንጭ ላይ ሲወርድ ነው። አክንባሎንም ታውቃለች፤ ክዳን ነው፣ ዐይን የለውም። አሁን ግን ዐይን ከሌለው ነገር ውሃ ወረደ። ሁለቱ አልገጠሙላትም። አፏን ያስከፈታት ያ ያልገጠመው ነገር ነው።

ስለዚህ ምንም የማያውቅ ሰው አይጠይቅም። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይነሳ፣ ጥያቄም ቀድሞ የተቀመጠ ትንሽ እውቀት ይፈልጋል። እኔን ስለ አውሮፕላን ሞተር ብትጠይቁኝ የምጠይቀው ጥያቄ እንኳ የለኝም። ስለ በርበሬ ብትጠይቁኝ ግን አሥር ጥያቄ አለኝ፤ ግማሹን ስለማውቀው።

ሕፃናትም ገና መናገር ሳይችሉ እንዲህ ናቸው። የ7 እና የ8 ወር ሕፃናትን ዐይን የተከታተሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተውለዋል። ሕፃኑ በጣም ቀላልና ተደጋጋሚ ነገር ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በጣም የተወሳሰበ ሲሆንበትም ያዞራል። ዐይኑ የሚቆየው መሃል ላይ ባለው፣ ትንሽ ገብቶት ትንሽ ባልገባው ነገር ላይ ነው።

የ10 ወር ልጅ ማንኪያ ሲጥልስ? ታነሱለታላችሁ። ይጥለዋል። ደግማችሁ ታነሱለታላችሁ። እያያችሁ ይጥለዋል! እልህ ሊያስገባችሁ የፈለገ ይመስላል፤ እሱ ግን ሥራ ላይ ነው። ማንኪያው ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚሄደው? ሁልጊዜ ይጮኻል? እማዬስ ሁልጊዜ ታነሳዋለች? በአንድ ማንኪያ ሦስት ጥያቄ። ሦስተኛው መልስ የሚያገኘው ወገባችሁ ሲደክም ነው።

ይህ ሁሉ ጉልበት ይበላል። ሲወለድ የሕፃን አንጎል መጠን የአዋቂን ሩብ ያህል ነው። 5 ዓመት አካባቢ ሲደርስ 90 በመቶ ገደማ ይሆናል። በዚያ ዕድሜ አንጎል ብቻውን ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ከ40 በመቶ በላይ ይወስዳል። ልጁ ሲሮጥ ውሎ የሚበላው ለእግሩ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ላይኛው ፎቅ ኖሯል።

## እሺ፣ ግን ለምን ይህን ያህል ይበዛል?

ጥያቄ ከቃል በፊት በጣት ይጀምራል። አብዛኛው ልጅ ዓመት ሊሞላው ሲል ጣቱን ቀስሮ ወደ አንድ ነገር ያሳያል፣ ከዚያ ፊታችንን ያያል። ያ ጥያቄ ነው። ሁለት ዓመት አካባቢ «ምንድነው ይሄ?» ይመጣል፤ ስም መሰብሰብ ነው። ሦስትና አራት ላይ «ለምን?» እና «እንዴት?» ይገባሉ። ስሙ አልበቃም ማለት ነው፤ አሁን የሚፈለገው ምክንያቱ ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ትንንሽ ልጆች ከአዋቂ ጋር ሲጫወቱ የተቀዳ ንግግር ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ልጆቹ በሰዓት በአማካይ 76 ጊዜ ያህል መረጃ ፈልገው ይጠይቁ ነበር። «ውሃ ስጪኝ» የመሳሰለውን ሳይጨምር ነው። እኔም አንዴ ከሐይቅ ከተማ ወደ ደሴ ስንመለስ በጣቴ ልቆጥር ሞከርኩ። 20 ላይ ስደርስ ተውኩት፤ መንገዱ ገና ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ልጆች መልስ ከተሰጣቸው በኋላ ምን እንደሚያደርጉ አይቷል። ለኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው። «ለምን?» ብለው እውነተኛ ማብራሪያ ያገኙ ልጆች ወይ ረክተው ይተዉታል፣ ወይ አንድ ደረጃ የሚያልፍ አዲስ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ማብራሪያ ያልሆነ መልስ ሲሰጣቸው ግን ያንኑ ጥያቄ ይደግማሉ፣ ወይ ደግሞ የራሳቸውን ምክንያት ይፈጥራሉ።

ወደ ማድ ቤቱ እንመለስ። ልጄ የጠየቀችው «ለምን ያለቅሳል?» ብላ ነው። ያገኘችው መልስ ስለ እንጀራው ነው። ወዲያው የራሷን መላ ምት አመጣች፦ «ማን መታው?» እሷ ስታለቅስ አብዛኛውን ጊዜ ሰው መቷት ነው፣ ስለዚህ ጥሩ ግምት ነበር። «ማንም አልመታውም» ሲባል ግምቷ ወደቀ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰች። እናቴ ያየችው ድርቅና ነው። በልጅቷ በኩል ግን የሆነው «መልሱ አልደረሰኝም» ነው። ስልክ ሲቆራረጥ «ሄሎ? ሄሎ?» እንደምንለው ማለት ነው።

## ዕቃ ሁሉ ነፍስ ያለው ለምን ይመስላቸዋል?

የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ (1896–1980) ስለ ልጆች አስተሳሰብ ያወቀውን ያወቀው ሦስት ልጆቹን ቤቱ ውስጥ እያየ፣ ሌሎች ብዙ ልጆችንም እየጠየቀ፣ እየጻፈ ነው። ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ከ2 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ልጆች ግዑዙን ነገር እንደ ራሳቸው ያዩታል። ፀሐይ ደክሟት ትተኛለች። ደመና ሲፈልግ ይሄዳል። አክንባሎ ያለቅሳል።

ይህ ስንፍና አይደለም። ልጅ በደንብ የሚያውቀው አንድ ነገር ራሱን ነው። የማያውቀውን በሚያውቀው ይለካል። እኛስ «መኪናው እምቢ አለኝ» እንል የለ?

ማታ ማታ ከኮምቦልቻ ስንመለስ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ልጄ ሁልጊዜ የምትጠይቀው ሁለት ነገር አላት። አንደኛው «ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» ነው። ፒያዤም ይህንኑ ከብዙ ልጆች ሰምቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናው ሲሄድ መንገድ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ወደ ኋላ ይሮጣል። ማዶ ያለው ተራራ ቀስ ይላል። የራቀ ነገር ሁሉ የሸሸ አይመስልም። ጨረቃ ደግሞ 384,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስለዚህ እኛ ሐረጎን ብንጨርሰውም እሷ ንቅንቅ ያለች አትመስልም። ንቅንቅ ካላለች አብራን ሄዳለች፤ የልጅ ሒሳብ ነው፣ ስሕተቱ ግን ቀላል አይደለም። አዋቂም አፍጥጦ ካያት እንደዚያው ይመስለዋል።

ሁለተኛው «ጆሮዬ ለምን ተደፈነ?» ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የውጭው አየር ይሳሳል። ጆሮ ውስጥ ያለው አየር ግን ገና የኮምቦልቻ ነው። ከውስጥ ይገፋል። ምራቅ ስንውጥ ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ይከፈትና «ጧ» ብሎ ይለቀናል። እኔ ለልጄ የምላት አጭር ነው፦ «ጆሮሽ ውስጥ የኮምቦልቻ አየር ቀርቷል፣ ዋጪና አስወጪው።» ትውጣለች። ትስቃለች።

## መልሱን ካላወቅኩትስ?

ብዙ ወላጅ የሚቆጣው ጥያቄው ስለበዛበት ብቻ አይመስለኝም። መልሱን ስለማያውቀውም ነው። በልጅ ፊት አለማወቅ ያሳፍራል። ስለዚህ «ዝም በይ» ይቀላል፣ ወይ ደግሞ «እንደዚያ ስለሆነ ነው»። «የፈጣሪ ሥራ ነው» የሚለውም አለ። እሱስ እውነት ነው፤ ግን ልጅቷ የጠየቀችው «እንዴት?» ብላ ነው።

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው የምናውቀውን በልጁ ቋንቋ መንገር። አክንባሎውን እንውሰድ። ሊጡ ውስጥ ውሃ አለ። ምጣዱ ሲያግለው ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይነሳል። አክንባሎው ከእንፋሎቱ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ስለዚህ እንፋሎቱ ሲነካው ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ለ4 ዓመት ልጅ ሲነገር፦ «ውሃው ሞቀውና ወደ ላይ ሸሸ። ክዳኑ ጋ ሲደርስ በረደው፣ ተመልሶ ውሃ ሆነ።» ይኸው ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ በላይ ከሄድን ዐይኗ ወደ ድመቷ ይሄዳል።

ሁለተኛው መጠየቅ ነው፦ «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ይህ መሸሻ ሊመስል ይችላል፣ አንዳንዴም ነው። ግን የልጁን ግምት ስንሰማ የቱ ጋ እንደጠፋበት እናውቃለን። «ማን መታው?» ያለች ልጅ የጎደላት ነገር ስለ ሙቀት ነው፤ ማልቀስን ጨርሳ ታውቀዋለች።

ሦስተኛው «አላውቅም፣ እስቲ እንየው» ማለት። እኛ ቤት የሆነው ይሄ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቅ ሻይ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ የሻይ ሰሃን ደፋንበት። ትንሽ ቆይተን ገለበጥነው። ሥሩ ላይ ጠብታ ሞልቷል። ልጄ በጣቷ ነካችው፣ ቀመሰችው። «ሻይ አይደለም!» አለች። እኔም ቀመስኩ። እውነቷን ነው፣ ንጹሕ ውሃ ነው። ስኳሩም ቅጠሉም ወደ ላይ አይሸሽም፣ የሚሸሸው ውሃው ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ያሰብኩት የዚያን ቀን ነው።

ለዚህ ሥራ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። እንቆቅልህ አለን። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» «ስሄድ አገኘሁት፣ ስመለስ አጣሁት።» መልሱ ጤዛ ነው። ያልመለሰ አገር ይሰጣል። የእንቆቅልህ ብልሃቱ መልሱ ላይ አይደለም። ጠያቂው መልሱን ያውቃል፣ ግን ይዞት ይቆያል፤ ተጠያቂው እየገመተ ይሳሳታል፣ ስሕተቱም ጨዋታ ነው። ቅጣቱ ቢበዛ ሐይቅን ወይ ባቲን መስጠት ነው። ልጄ ደሴን ስንት ጊዜ እንደሰጠችኝ አልቆጥረውም።

ጤዛውም ያው የአክንባሎው ውሃ ነው። አየር ውስጥ የማይታይ ውሃ አለ፤ ሌሊት ሣሩ ሲቀዘቅዝ እላዩ ላይ ጠብታ ይሆናል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። የደሴ ጉምም ዘመዱ ነው። ከምሥራቅ ከቆላው የሚነሳ እርጥብ አየር ዳገቱን ሲወጣ እየቀዘቀዘ ይመጣል፣ ውሃው ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ስነግራት «እና ጦሳም ያለቅሳል?» አለች። በፊት የጠየቀችው ስለ አንድ ክዳን ነበር፤ አሁን ተራራ ላይ ደረሰች።

የከተማችን ስም ራሱ ቀና ብሎ ከማየት የመጣ ነው ይባላል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አዩ። ከመደነቃቸው የተነሳ እዚሁ ከተማ ሊቆረቁሩ ወሰኑ፣ ስሙንም «ደስዬ» አሉት። የዚያ ዓመት መስከረም ላይ የታየው ጅራታም ኮከብ በቀን ብርሃን እንኳ የሚታይ ነበር።

## ሁሉንም ላሳያት ወይስ ልተዋት?

አንድ ሙከራ አለ። ተመራማሪዎች ብዙ ነገር የሚሠራ መጫወቻ አዘጋጁ፤ አንዱን ቦታ ሲነኩት ይጮኻል፣ ሌላው ያበራል፣ እንዲህ እያለ አራት ነገር አለው። ለአንዳንዶቹ ልጆች «ይሄ እንዲህ ነው የሚሠራው» ብለው አንዱን ብቻ አስተማሯቸው። ሌሎቹ ሳይማሩ ተሰጣቸው። የተማሩት ልጆች ያችኑ አንዷን ደጋገሟት። ያልተማሩት እየገለበጡ፣ እየጎተቱ ሌላውንም አገኙት። ልጅ ሞኝ አይደለም፦ «አዋቂ ይህን ካሳየኝ ሌላ ነገር ቢኖረው ያሳየኝ ነበር» ይላል።

ታዲያ ምንም አናሳይ? እንዲያ አይደለም። መሶብ የሚሰፋ ሰው ያውቀዋል። አዲሱ ዙር የሚያያዘው ከታችኛው ዙር ጋር ነው፤ ባዶ ላይ አይሰፋም። ልጁ የደረሰበትን ዙር አይቶ አንድ ስፌት ማቀበል፣ ከዚያ እጅን መሰብሰብ። ጫማ ማሰር ስታስተምሩት ክሩን አጥብቃችሁ ቀለበቱን ለሱ ተዉለት። ሩቡ ሰዓት የሚያልቅ መሆኑን ግን አስቀድሜ እናገራለሁ። የሥራ ቀን ጠዋት አይመከርም።

## ባለጌ አያደርጋትም ወይ?

የእናቴ ስጋት ይሄ ነው። እሷ ባደገችበት ቤት ጨዋ ልጅ ማለት ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም የሚል ልጅ ነው። «ዝምታ ወርቅ ነው» እየተባለ ነው ያደገችው። እኔ ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን እጠቅስባታለሁ። ተረቱ ለሁለታችንም ይበቃል።

ጠያቂነትና ሥርዓት ማጣት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ምን ማወቅ እንደሚፈልግ ነው፣ ሌላው መቼና እንዴት እንደሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው ይማራል። እኛ ቤት አንድ ምልክት አለን። እንግዳ እያወራ ልጄ ጥያቄ ከመጣባት እጄን ትይዛለች። እኔም እይዛታለሁ፤ «ሰምቻለሁ፣ ቆይ» ማለት ነው። ለሦስት ዓመት ልጅ «ቆይ» አንድ ደቂቃ ነው፣ ከዚያ በላይ ቃል አትግቡ። ደግሞም «ቆይ» ካልን መመለስ አለብን። ካልተመለስን «ቆይ» ማለት «ተዪው» ማለት እንደሆነ በሁለተኛው ቀን ታውቀዋለች።

«ይሄ ሰውዬ ለምን ወፍራም ሆነ?» ታክሲ ውስጥ ከተባለስ? መሬት አትከፈትልንም። አጭር መልስ፣ «ሰው ሁሉ የተለያየ ነው፣ ቤት እንነጋገራለን»፣ እና ሰውየውን ይቅርታ መጠየቅ። ቤት ስንደርስ የሰው ገላ ላይ ጮክ ተብሎ እንደማይወራ እንነግራታለን። የተከለከለው ጮክ ማለቱ እንጂ ማየቱ እንዳልሆነ ይግባት።

## ስለ ሃይማኖትና ስለ ሞት ሲጠይቁስ?

ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ አይቀርም። በአንድ ግቢ ኢድም ፋሲካም ይከበራል። አንዱ ቤት አጎቷ ይሰግዳል፣ ሌላው ቤት አክስቷ ታስቀድሳለች። ሠርግ ላይ ሁለት ማድ ቤት፣ ሁለት ድስት አለ። ልጄ አንድ ቀን ከጎረቤት መጥታ «እኛ ለምን የነሱን ሥጋ አንበላም? አይጣፍጥም?» አለችኝ።

እዚህ ላይ የሚጠቅመው በዐይኗ ከምታየው መነሳት ነው። «ይጣፍጣል። እነሱ ሲያርዱ በነሱ ሃይማኖት ስም ጠርተው ነው፣ እኛም በኛ። ስለዚህ ሥጋውን ለየብቻ እንበላለን። ቡናውን አብረን እንጠጣለን።» እሷም አሰበችና «ዳቦውንም» አለች። አዎ፣ ዳቦውንም። የትኛው ትክክል ነው የሚለው ክርክር የአዋቂ ነው፤ እሷ አልጠየቀችውም። ያልተጠየቀ ጥያቄ መመለስ የአዋቂ በሽታ ነው።

ሞት ከዚህ ይከብዳል። በአማርኛ ሞትን በስሙ መጥራት አንወድም። «አረፉ» እንላለን፣ «ተለዩን» እንላለን፣ ለልጅ ሲሆን ደግሞ «ሩቅ አገር ሄዱ»፣ «ተኝተዋል»። አዋቂ ይገባዋል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ቃሉን እንዳለ ነው የሚወስደው። ያረፈ ይነሳል፣ የሄደ ይመጣል። አያታችን ያረፉ ጊዜ ልጄ «እና መቼ ነው የሚነሱት?» አለች፤ ለቅሶ ቤቱ ጸጥ አለ። «ተኝተዋል» የተባለ ልጅ ደግሞ ራሱ መተኛት ሊፈራ ይችላል። የልጆች አስተሳሰብ ባለሙያዎች ቃሉን በስሙ ጥሩት ይላሉ፦ «ሞቱ። ሰውነታቸው መሥራት አቆመ። አይተነፍሱም፣ አያማቸውም፣ አይመለሱም።» የነፍስን ነገር እያንዳንዱ ቤት በእምነቱ ይጨምርበት። ልጁ ጥያቄውን ለሳምንታት ሊደጋግመው ይችላል። አለመመለሳቸውን ቀስ በቀስ እየተቀበለው ነው።

## ስልኩስ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ተቀምጦ ስክሪን ማየት አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ምክንያቱ ከላይ ካልነው ጋር ይያያዛል፦ ስልክ ያወራል እንጂ አይመልስም። «ማን መታው?» ብትለው ቪዲዮው ይቀጥላል። እኔም ስልኬን የምሰጣት ጊዜ አለ፣ መብራት ጠፍቶ ከሰል ላይ ወጥ ስጥድ ለምሳሌ። ያን ያህል አልኮነንም።

## ሁሉን የሚነካካ ልጅ ቤት ውስጥ እንዴት ይጠበቃል?

ጉጉት እጅ አለው። «አትንካ» ሙሉ ቀን ስንል ውለን ልጁ አይሰማም፤ አደገኛውን ማንሳት ይቀላል። የኛ አገር ቤት የራሱ አደጋዎች አሉት።

ጀበናና ምድጃው ልጅ የማይደርስበት ጥግ ይሁን፤ ቡና ሲፈላ አንድ ሰው ልጁን ይያዝ። ከተቃጠለ ወዲያው ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ ቅቤ አይቀባ። ነጭ ጋዝና በረኪና በለስላሳ ወይ በውሃ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ልጁ ጠርሙሱን የሚያውቀው መጠጥ እንደሆነ ነው። ከጠጣው በግድ አታስመልሱት፣ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። የሪሞትና የሰዓት ክብ ባትሪ ከተዋጠም እንዲሁ፣ እስኪያመው አይጠበቅም። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንንም ይገድላል፣ ልጅን ይቅርና።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ቆሎ ነው። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ሽምብራ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። «ትንሽ ዝገኚለት» ማለት የቡና ሰዓት ወጋችን ነው። በዚህስ እንሰስት።

በምትኩ የሱ የሆነ ነገር ይኑረው። እኛ ቤት ከቁም ሳጥኑ ታች ያለው መሳቢያ የልጄ ነው፤ ጣሳ፣ ክዳን፣ የፕላስቲክ ኩባያ፣ የተሰበረ ሬዲዮ ባትሪው የወጣ። ሬዲዮውን በማንኪያ እጀታ ፈትታዋለች። ውስጡ ሰው እንደሌለ በዐይኗ አየች።

## የማይጠይቅ ልጅስ?

ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ጉጉት የለውም ማለት አይደለም። አንዳንዱ በአፉ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ በእጁ፣ አንዳንዱ በዐይኑ። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ሌላ ምልክት ሲኖር ነው። ዓመት ተኩል ሆኖት ጣቱን ቀስሮ ምንም የማያሳይ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ የያዘውን ቃል ወይም ችሎታ የተወ ልጅ ካለ ጤና ጣቢያ ይታይ። መጀመሪያ የሚመረመረው ብዙ ጊዜ ጆሮ ነው፤ ያልሰማ ልጅ እንዴት ይጠይቃል? «ወንድ ልጅ አፉን ሲፈታ ይዘገያል» እያሉ ዓመት መጠበቅ አይበጅም።

የወንድሜ ልጅ ከኩታበር መጥቶ ሰንብቶ ነበር። 3 ዓመቱ ነው፣ ጆሮውም ደህና ነው፣ ግን ቃል የሚያወጣው በልመና ነው። ልጄ ስለ አክንባሎው እንባ የምታውቀውን ሁሉ ዘረዘረችለት፤ ስለ ሰሃኑ፣ ስለ ሻዩ፣ ስለ ጦሳ። እሱ ዝም ብሎ ያያታል። «አይገባውም» ብላኝ ተስፋ ቆርጣ ሄደች።

በማግስቱ እናቴ ስትጋግር እሱም ከደፉ ወዲህ ቆመ። ምንም አልጠየቀም። ተነስቶ ወደ ረከቦቱ ሄደ፣ አንድ ስኒ አንስቶ መጣና ለእናቴ ዘረጋላት። እናቴ ስኒውን አየች፣ ልጁን አየች። አክንባሎውን ከፍ አድርጋ ስኒውን ከጠርዙ ሥር ያዘችለት። ሦስት ጠብታ ወረደ።